የሞሚና ጀለቢያና የእኔ ጋቢ

በሰው ባል ቀንቼ አላውቅም፤ የራሴው አንዱ በዝቶብኛል። በሰው ወርቅም ሆነ በሰው ሶፋ ቀንቼ አላውቅም ብል ግን ትንሽ እንደዋሸሁ ቁጠሩትና እለፉኝ። አንጀቴ እያረረ፣ እህል አልወርድ እያለኝ የቀናሁት በአንድ ጀለቢያ ነው። ያውም በለባሹ ሳይሆን በልብሱ፤ ያውም እርጥብ ሆኖ ሽቦ ላይ ውሃ ሲያንጠባጥብ።

ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም አሁን አሁን መሳቅ ጀምሬያለሁ።

ነገሩ የውሃ ነገር ነው። ባለቤቴ ታደሰ ወደ ጭሮ ሲዛወር ከደብረ ብርሃን ዕቃችንን ጭነን መጣን። ልንመጣ ስንል ሰው ሁሉ ምክር ነበረው። አንዱ ስለ ጫቱ፣ አንዱ ስለ መንገዱ ጠመዝማዛ ነገረን። አንዲት አክስቴ ደግሞ "ወጣቱን ስትጠይቂ ጭሮ በይ፣ ሽማግሌውን ስትጠይቂ አሰበ ተፈሪ በይ" ብላ ከተማዋን በዕድሜ ከፋፍላ አስረዳችኝ። ስለ ውሃው የነገረኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

የሰፈራችን ውሃ ሲያዩት ጥርት ያለ ነው፣ ሲጠጡትም አይከፋም። ጠባዩ የሚወጣው ሳሙና ሲያሳዩት ነው። ብታሹት፣ ብታሹት አረፋ የሚባል ነገር አያውቅም። ሳሙናው አረፋ መሆኑን ይተውና አይብ ይሆናል፤ ነጫጭ ፍርፋሪ እየሠራ ይንሳፈፍና ተመልሶ ልብሱ ላይ ይለጠፋል። ልብሱ ሲደርቅ አመድማ መልክ ይይዛል፣ በዚያ ላይ ይደርቃል፣ ማለቴ መድረቅ ብቻ አይደለም፣ ይገተራል። የታደሰን ሱሪ ከሽቦ አውርጄ ግድግዳ ባስደግፈው ቆሞ ይጠብቀኛል። ፎጣችን ፊት አያደርቅም፣ ይፍቃል። የሻይ ማንቆርቆሪያዬ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ስላበቀለ፣ ሻይ ስቀዳ ቅርፊቱ አብሮ ይወርድና ታደሰ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ "ዛሬ ደግሞ ምን ጨመርሽበት?" ይለኛል።

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ይባላል። የኛን ሰፈር ውሃ በሳሙና ወቅጬው አይቻለሁ፤ እምቦጭ እንኳን አይልም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የከተማው ሰው ሁሉ መከራ ቢሆን ኖሮ ችዬው እኖር ነበር። ሁላችንም አመድማ ለብሰን፣ ሁላችንም ተገትረን፣ አንዳችን በሌላችን ሳንስቅ። ግን በግቢያችን ሞሚና ነበረች።

ሞሚና ከልጆቿና ከአማቷ ጋር የምትኖረው ፊት ለፊታችን ባሉት ክፍሎች ነው። ባሏ ሙሜ ጫት ነጋዴ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከበደሳ ከተማ ጫት ሲያስጭንና ሲያራግፍ ይሰነብትና እሱም አንድ እስር ጫት መስሎ ቤቱ ይገባል። አርብ ለጁምዓ ጀለቢያውን ለብሶ ሲወጣ ግን ዓይን ያስጨፍናል። ወተት ነው። የኔ ባል ቢሮ ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው፤ ከብዕር ሌላ የሚነካው የለም፤ ሸሚዙን ያየ ሰው ግን ከሰል ሲያራግፍ የዋለ ይመስለዋል።

አንድ ግቢ ነን። ውሃውን የሚያመጣልን አንድ ባለጋሪ፣ ጋሪውን የሚጎትተው አንድ አህያ ነው። የምንሰጣውም አንድ ሽቦ ላይ ነው፤ ከማንጎው ዛፍ እስከ አጥሩ የተወጠረ። ግማሹ ላይ የሷ ወተት፣ ግማሹ ላይ የኔ አመድ። ወደ ግቢያችን የገባ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ ሽቦውን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን ያያል፣ ከዚያ አንገቱን ይደፋል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጣን ታደሰ ወደ ሽቦው አየና "የሞሚና ልብስ እኮ በጣም ይነጣል" አለ።

ሻዬን ፉት አልኩ። ያልሰማሁ መሰለው መሰለኝ፣ ደገመው።

እንዲህ ያለ ነገር ለሚስት አይባልም። "ሞሚና ታምራለች" ቢለኝ እሺ፣ ዓይን አለው፣ አየ፣ እላለሁ። "የሞሚና ልብስ ይነጣል" ማለት ግን ያንቺ አይነጣም ማለት ነው። የሻይ ብርጭቆውን ከእጁ ወሰድኩበት። "ገና አልጨረስኩም እኮ" አለ። "ጨርሰሃል" አልኩት።

"ለምን አትጠይቂያትም?" አለ ደግሞ ባዶ እጁን እያየ።

"ምኑን?"

"እንዴት እንደምታነጣው።"

እኔ! እሷን! ልብስ ማጠብ! ከሰባት ቤት ዘመዶቼ ፊት ተሞሽሬ የተዳርኩ ሴት፣ ሸሚዝ እንዴት ይታጠባል ብዬ በጎረቤት ደጃፍ ልቆም! "በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም" አልኩት። እውነቴን ነው፣ ዝንብ አይገባም። መልስም እንደማይገባ ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ከሁሉ የባሰው ሞሚና የምትጠላ ሰው አለመሆኗ ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ ቅናቴ ያርፍ ነበር፤ "ክፉ ናት፣ ልብሷ ቢነጣስ" ብዬ እጽናና ነበር። እሷ ግን ረመዳን ሲሆን ሳምቡሳ ትልክልኛለች፤ ስታመም በሬ ላይ ተቀምጣ ትውላለች፤ ኦሮምኛ ስሞክር አትስቅብኝም። ከኔ የምትፈልገው ነገር ቢኖር አመድ ብቻ ነው። በየሳምንቱ ቆርቆሮዋን ይዛ ትመጣና "አመድ አለሽ እህቴ?" ትለኛለች። እኔም ከምድጃዬ ጠርጌ እሰጣታለሁ። ለሽንት ቤት የሚነሰነስ ነው ብዬ፣ "ምስኪን፣ አመድ እንኳን ከቤቷ ጠፍቶ" እያልኩ ሞልቼ ነበር የምሰጣት። በአንድ ነገር እንኳን ከሷ በልጬ መገኘቴ ደስ ይለኝ ነበር።

ባልጠይቃትም ምርመራ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ባለሱቁ ነው።

"ሞሚና የምትወስደው ሳሙና የትኛው ነው?" አልኩት፣ ለሌላ ሰው እንደምጠይቅ ሆኜ።

"ያው አንቺ የምትወስጂው ነው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"አቦ፣ እኔ ዘንድ ያለው ሳሙና አንድ ነው!" አለና አሰበ። "ልዩነቱ እሷ ትንሽ ትወስዳለች፣ አንቺ ብዙ ትወስጃለሽ። ምን ታደርጊዋለሽ ይሄን ሁሉ ሳሙና?"

ሌላ ሁለት ሳሙና ጨምሬ ገዝቼ ወጣሁ።

ሳሙናው ካልሆነ ፀሐዩ ነው አልኩ። እሷ ዘወትር የምትሰጣው ከማንጎው በኩል ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ተነስቼ የማንጎውን ጎን ያዝኩት። ሞሚና ሳፋዋን ተሸክማ ስትመጣ እንድትጣላኝ ተዘጋጅቼ ወገቤን ይዤ ቆሜያለሁ። "ያዢው እህቴ፣ ምን ችግር አለ" ብላ ወደ አጥሩ በኩል አለፈች። የሷ አጥሩ ጥግ ሆኖ እንደ ልማዱ ነጣ። የኔ ላይ ደግሞ ማንጎው ውስጥ የሚያድሩት ወፎች እንደየአቅማቸው አዋጡበት።

ፀሐዩ ካልሆነ የክንድ ነገር ነው አልኩ። የታደሰን ሸሚዝ አንገትጌ ይዤ ፈተግሁት፣ ፈተግሁት፣ ያላየሁትን ጠላቴን ሁሉ እያሰብኩ ፈተግሁት። ታደሰ ከቢሮ ሲመለስ "ነጣ?" አለኝ። "ተቀደደ" አልኩት።

በመጨረሻ ስለላ ገባሁ። ሞሚና ስታጥብ ምስር እንደሚለቅም ሰው ሰፌድ ይዤ በሬ ላይ ተቀመጥኩ። ያየሁትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። አረፋ! ከሳፋው ላይ እየገነፈለ መሬት የሚወርድ አረፋ! በዚያው ውሃ! እጇን ስታነሳ እስከ ክርኗ ነጭ ጓንት ያጠለቀች ነው የምትመስለው። እኔ በዚህ ከተማ ከገባሁ ጀምሮ አረፋ ያየሁት የቢራ ማስታወቂያ ላይ ብቻ ነው። ዓይኔ እዚያ፣ እጄ እዚህ ሆነና ምስሩን እየጣልኩ ጠጠሩን ስሰበስብ ኖሮ፣ ምሳ ላይ የታደሰ ጥርስ ቀጭ ሲል ከግቢው ሁሉ ተሰማ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አማቴ ደወሉ።

አማቴን እማማ ዘነቡን ማስተዋወቅ አለብኝ። ስንጋባ በእጃቸው የፈተሉትን ጋቢ ሰጥተውናል፤ ዳር ዳሩ ቀይ ጥለት ያለው፣ የሚያምር ጋቢ። ሲሰጡኝ "በእንዶድ እጠቢው፤ የዚህን ጋቢ ንጣት ያየ የቤትሽን ነገር ያውቃል" ብለውኛል። እንዶድ ያረጀ ያፈጀ ነገር መስሎኝ አልሰማኋቸውም። ለታደሰ ታላቅ ወንድም ሚስትም እንዲሁ ዓይነት ጋቢ ሰጥተዋታል። በደወሉ ቁጥር "የሷ ዛሬም እንደ አዲስ ነው" ይሉኛል። በዚያችም እቀናለሁ፤ ግን እሷ ደብረ ብርሃን ስላለች በስልክ ብቻ ነው የምቀናባት።

"አሰቦት ገዳም ለንግሥ እመጣለሁ" አሉኝ እማማ ዘነቡ። "ከገዳሙ እንደወረድኩ ወደናንተ ነኝ። ጭሮ ማታ ማታ ብርድ አለ ብሎኛል ልጄ፤ ያቺን ጋቢዬን አጥበሽ ጠብቂኝ። እሷን ለብሼ ነው የማድረው።"

ስልኩን ዘግቼ ሳጥን ከፈትኩ። ጋቢው የዝናብ ደመና መስሏል። ብዘረጋው ቆሞ አየኝ። ታደሰ ከኋላዬ መጥቶ አየውና ሄዶ ተኛ፤ ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

አሁን ነገሩ የጀለቢያ ቅናት ብቻ መሆኑ ቀረ። አማቴ ያንን ጋቢ በዚያ መልኩ ካዩት "የቤትሽን ነገር" አወቁት ማለት ነው፤ እሳቸው ካወቁት ደግሞ ደብረ ብርሃን አወቀው ማለት ነው። ሎሚ ጨመቅኩበት። አቼቶ ደፋሁበት። ቤቱ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ እንጂ ጋቢው ንቅንቅ አላለም። ያኔ ነው በረኪና የገዛሁት። ጠርሙሱ ላይ ትንሽ ጨምሩ ይላል። ትንሽ የሚጨምር የማይቀና ሰው ነው፤ እኔ ደፋሁት።

ከሳፋው ሳወጣው ግራጫው በቦታው አለ። የሄደው ቀዩ ጥለት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው፤ ጥለቱ ነበረ ከተባለበት ቦታ ገረጣ ያለ መስመር ብቻ ቀረ።

የማደርገው ቢጠፋኝ በውሃ የከበደውን ጋቢ ተሸክሜ ወጣሁና ሽቦው መሀል ላይ ወረወርኩት። አጠገቡ ምን ተሰጥቶ ቢሆን ጥሩ ነው? ለኢድ የተገዛው የሙሜ አዲስ ጀለቢያ። ንፋሱ እየነካው እጁን ያወዛውዛል፣ ሰላም የሚለኝ ይመስላል። እኔም ብሶቴ ገንፍሎ፣ "አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትነጣው!" አልኩት ጮክ ብዬ።

አዴ ፋጡማ ሰሙኝ። አዴ ፋጡማ የሙሜ እናት ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ በራቸው ላይ ሰሌናቸውን አንጥፈው የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ እየቆጠሩ ይውላሉ። አማርኛ ሲናገሩ ወንዱንም ሴቱንም አንተ ነው የሚሉት፤ ያ ደግሞ እኔ ኦሮምኛ ስናገር ከማደርገው ጥፋት አይብስም።

"ልጄ፣ ማሻአላህ በል" አሉኝ በለሰለሰ ድምፅ።

ወጉን አውቀዋለሁ። እዚህ ሰው የሰው ነገር ሲያደንቅ ማሻአላህ ካላለበት ዓይን ይሆናል። አንድ ቃል ነበረች። ግን ያንን ጀለቢያ ልመርቀው? ከንፈሬ አልላቀቅ አለኝ። ያልሰማሁ መሰልኩ።

ወዲያው ሽቦው ጧ አለ።

ጀለቢያው ቀድሞ ወደቀ፣ የልብስ እጣቢ የተጠራቀመበት ጭቃ ውስጥ። ጋቢዬ ደግሞ ከላዩ ላይ ዘጭ ብሎ ተጋደመበት። ሽቦውን የበጠሰው የጋቢው ክብደት መሆኑን ማንም የሚያይ ሰው ያውቃል። አዴ ፋጡማ ግን ከሰሌናቸው ብድግ ብለው "ኢጃ!" አሉ። "ዓይን ነው! ሰው ዓይን ነው!"

ሞሚና ከቤት ሮጣ ወጣች። ጀለቢያውን ከጭቃ አንስታ አየችው፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ክፉ ቃል አልተናገረችም። ምነው ብትሰድበኝ! እኔ ጋቢዬን ይዤ ወደ ሳፋዬ ገብቼ ያለኝን ሳሙና ሁሉ እያፈራረስኩ እንደ እብድ ማሸት ጀመርኩ።

ብዙም ሳይቆይ አዴ ፋጡማ ንጹህ ውሃ የሞላ ሳፋ ግቢው መሀል አስቀመጡ። ዓይን በመታው ነገር ላይ፣ ዓይኑን ያሳረፈበት ሰው የታጠበበትን ውሃ ያፈሱበታል። ታዲያ የሰውን ስም ጠርቶ "አንተ ነህ" ማለት ነውር ስለሆነ፣ የግቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሳፋ እጁን ይታጠባል። ማን እንደሆነ አላህ ብቻ ያውቀዋል፤ ሰው አይዋረድም፣ ውሃው ይፈሳል፣ ነገሩ ያልቃል። በሕይወቴ ካየሁት የእርቅ ሥርዓት ሁሉ እንደዚህ የሰው ገመና የሚሸፍን አላየሁም። ለሌላው ሰው ማለቴ ነው።

አዴ ፋጡማ ራሳቸው "ቢስሚላህ" ብለው ቀድመው ታጠቡ። ውሃው ጥርት እንዳለ ነው። ሞሚና ታጠበች። ጥርት እንዳለ ነው። ታደሰ ለምሳ ሲገባ ደርሶ፣ በተቀደደው አንገትጌው ላይ ክራቫቱን ጥብቅ አድርጎ አስሮ፣ ምንነቱን ሳይጠይቅ ታጠበ። እሱ የታዘዘውን ያደርጋል። ውሃው አሁንም ጥርት እንዳለ ነው።

"አንተስ ልጄ? ና!" አሉኝ አዴ ፋጡማ።

"እጄን ልለቃለቅና..."

"ለመታጠብ ብለህ ምን ትታጠባለህ? ና!"

መጣሁ። እጄ እስከ ክርኔ ሳሙና ነው። ሳፋው ውስጥ ነከርኩት።

የሰፈራችንን ውሃ ጠባይ ነግሬያችኋለሁ። እጄ ገና ከመግባቱ ውሃው ደፈረሰ። ከዚያ ነጣ። ከዚያ ፍርፋሪ መሥራት ጀመረ፤ በሁላችንም ዓይን ፊት አይቡ ቀስ እያለ ወደ ላይ መጥቶ በጣቶቼ ዙሪያ ተሰበሰበ። የሦስት ሰው እጅ ያላደፈረሰውን ውሃ የኔ እጅ እርጎ አደረገው።



"ሱብሃነላህ!" አሉ አዴ ፋጡማ። አልተቆጡም። የታመመ ሰው እንደሚያዩ ነው ያዩኝ፣ እሱ ነው የገደለኝ። ታደሰ ደግሞ "ውይ" አለ። ባል ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሊናገር የቻለው "ውይ" ብቻ ነው።

"የሳሙና ነው!" ማለት እችል ነበር። እውነቱም እሱ ነው። ግን አፌን ስከፍት ሌላው እውነት ቀድሞ ወጣ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ!" አልኩ። "ቀንቻለሁ! ባንቺ ሳይሆን በጀለቢያው! በልጆችሽ ሸሚዝ፣ በአንሶላሽ፣ በመጋረጃሽ! ያው ውሃ፣ ያው ሳሙና፣ ያው ሽቦ! ላንቺ አረፋ ይሆናል፣ ለኔ አይብ ይሆናል! አማቴ እየመጡ ነው፣ ጋቢያቸው ደመና ሆኗል፣ ጥለቱም ጠፍቷል! ቀንቼ ነው፣ ደህና አድርጌ ቀንቼ ነው!" አልኩና ከሳፋው እጄን ሳላወጣ አለቀስኩ።

ሞሚና ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀመጠች። ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ስታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ሻሿ ከራሷ እስኪወድቅ ድረስ ስትስቅ ኖሯል።

"አቦ!" አለች ትንፋሽ ሲመለስላት። "ይሄን ሁሉ ጊዜ! ምናለ ብትጠይቂኝ?"

"ልብስ ማጠብ አላውቅም ልበልሽ?"

"እህቴ፣ አመዱን ስትሰጪኝ ምን የማደርገው መሰለሽ?"

"ለሽንት ቤት..."

እንደገና ሳቀች። "አመዱን ወንፊት አሳልፌ ውሃው ውስጥ እጨምረዋለሁ፣ አማስለዋለሁ፣ አሳድረዋለሁ። ጠዋት አመዱ ከታች ይቀራል፣ ከላይ ያለው ውሃ ይለዝባል። በሱ ነው የማጥበው። እዚህ አገር የማያውቅ ሰው አለ እንዴ?" ከዚያ ሳቋ ቀነሰና እጄን ከአይቡ ውስጥ አወጣችው። "ወላሂ እኔ ያንቺን ልብስ ባየሁ ቁጥር ምን እንደምል ታውቂያለሽ? ይቺ ደግ ሴት አመዷን ሁሉ ለኔ ሰጥታ ለራሷ አጣች እላለሁ። ሳምቡሳውን የማበዛልሽ ለምን ይመስልሻል?"

ሰው ደግ አድርጎ ምስጋና ሲያጣ እጄ አመድ አፋሽ ነው ይላል። የኔን ጉድ የት አድርጌ ልናገረው? የቀናሁበትን ንጣት በገዛ እጄ እያፈስኩ፣ ቆርቆሮ ሞልቼ፣ "ምስኪን" እያልኩ ስሰጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። ታደሰ ሊስቅ ከንፈሩን ሲያሞጠሙጥ አየሁትና በዓይኔ መለስኩት።

አዴ ፋጡማ ግን ሥርዓታቸውን አላቋረጡም። ሳፋውን ከነአይቡ አንስተው ጀለቢያው ላይ አፈሰሱት። "አለቀ" አሉ። አለቀ። ያንን ቀን ማንም ሰው ስለ ዓይን አላነሳም፤ ማምሻውን ሞሚናና እኔ አመድ ነፋን።

በማግስቱ ጠዋት ጋቢውንና ጀለቢያውን በአንድ ሳፋ አጠብናቸው። ሳሙናውን አንዴ፣ ሁለቴ አሸት ሳደርገው አረፋ መጣ። የኔ አረፋ! ገንፍሎ እግሬ ላይ ወረደ። እንደ ልጅ ጮህኩ። ታደሰን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ "ና እይ!" አልኩት። መጥቶ አየና "አረፋ ነው" አለ። ምን ሌላ ይበል! የጋቢው ግራጫነት በአንድ እጥበት አልለቀቀም፤ ደጋግመን አጠብነው። ታደሰ ሽቦውን ቋጥሮ ቀጠለልን፤ እኛም ሰጣን። ጋቢው ነጣ። ጥለቱ ግን አልተመለሰም፤ በረኪና የበላውን አመድ አይመልሰውም።

እማማ ዘነቡ የመጡት ጋቢው ገና ሽቦው ላይ እያለ ነው። ከገዳሙ መንገድ የመጣ አቧራ ነጠላቸው ላይ አለ፤ ጸበላቸውን በጠርሙስ ይዘዋል። ታደሰን ሳሙ፣ እኔን ሳሙኝ፣ አዴ ፋጡማን አጎንብሰው ሰላም አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ሽቦው ላይ ተተከለ።

"ወይ ንጣት!" አሉ። "ይሄ ነው ማጠብ! እዩትማ፣ ጥለት እንኳን የሌለው ተራ ጋቢ እንዴት እንዳማረ!" ወደ ሞሚና ዞሩ። "ያንቺ ነው ልጄ? እጅሽ ይባረክ! ባለሙያ ነሽ!" ከዚያ ወደ እኔ። "ከጎረቤት መማር ነውር አይደለም። በይ፣ የኔንስ ጋቢ የት አስቀመጥሽልኝ?"

አልለዩትም! የገዛ ፈትላቸውን አልለዩትም!

ሞሚና አፏን ከፍታ እኔን አየችኝ፣ ምን ልበል በሚል ዓይን። ታደሰ ከእናቱ ጀርባ ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል፤ ዝም በይ፣ ዝም በይ። ገባኝ። ጋቢው የሞሚና ነው ብል፣ የእርስዎን ሌባ ወሰደው ብል፣ ጥለቱም በረኪናውም ተቀብረው ይቀራሉ። ማምለጫው እንደ በር ተከፍቶ ቆሟል፤ የሚፈለግብኝ ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ማለት ደግሞ አውቅበታለሁ።

ግን "እጅሽ ይባረክ" የተባለችው እሷ ናት። በኔ ጋቢ! በኔ አመድ! የኔ ክንድ እያበጠ! ያቺ ያረጀች ቅናቴ ከአንጀቴ ብድግ ስትል ተሰማኝ።

"የኔ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "እኔ ነኝ ያጠብኩት! ያ የእርስዎ ጋቢ ነው!"

ታደሰ ዓይኑን ጨፈነ። እማማ ዘነቡ ቀስ ብለው ወደ ሽቦው ሄዱ። የጋቢውን ጫፍ አንስተው አገላበጡት፤ ጥለቱ የነበረበትን ገረጣ መስመር በጣታቸው ተከተሉት።

"ቀዩስ?"

"በረኪና በላው፣ እማማ።"

"ሙሉውን?"

"ሙሉውን።"

ጋቢውን አዩ፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩ። "ይሄም እኮ ካንቺ ጋር ከገባ ወዲህ እንዲሁ ገርጥቷል" አሉ።

ማንም አልሳቀም። እማማ ዘነቡ ጋቢውን ወደ ጉንጫቸው አስጠጉት፣ አሸተቱት። እኔ እዚያው እንደቆምኩ የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ ይሰማኛል።

"ግን ነጭ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ጥለት ሌላ ይሰፋበታል። እውነቱን መናገር ነው፣ ያቺ ታላቋ ምራቴ እንኳን እንዲህ አድርጋ አላነጣችውም። እንዲህ ያለ ንጣት በዕድሜዬ አላየሁም።"

የታላቅ ወንድሙን ሚስት በለጥኳት! በአማቴ አንደበት፣ በምስክር ፊት! ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ሲል፣ ሰሌናቸው ላይ የተቀመጡት አዴ ፋጡማ ሙስበሃቸውን መቁጠር አቁመው ቀና ሲሉ አየሁ። እኔን አዩ። አማቴን አዩ። ሽቦውን አዩ። ሽቦውም ታደሰ የቋጠረበት ቦታ ላይ ሲጥ አለ።

"ማሻአላህ!" ብዬ ጮህኩ። "ማሻአላህ! ማሻአላህ!" ሮጬም ሽቦውን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩት።

እማማ ዘነቡ ጸበላቸውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው አማተቡ።